«አንቺ» የሚለው ማንን ነው?

ከመገናኛ ወደ ፒያሳ በሚጓዝ ሚኒባስ ውስጥ ነን። መሸት ብሏል፤ ውጪ ዝናብ ያካፋል፤ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ታክሲው በእርጥብ ልብስ ሽታ ታፍኗል። ሾፌሩ ሬዲዮውን ሲነካካ ቆየና አንድ የድሮ ትዝታ አገኘ። ድምፁን ከፍ አደረገው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩ! በመልስ ጉዳይ ሲነታረኩ የነበሩት ረዳትና ተሳፋሪ ጭቅጭቃቸውን ረሱት። ከኋላ ወንበር ስልኳን ስትጎረጉር የነበረች ልጅ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከጎኔ የተቀመጡ ጋቢ የደረቡ አባት ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ቀስ እያሉ ይነቀንቁ ጀመር። ዘፋኙ «አንቺ» ይላል። ማንን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ሁሉም የየራሱን ሰው አስገብቶበታል።

እውነቱን ልንገራችሁ አይደል? እኔም አስገብቼበታለሁ። የሚያሳፍረው ደግሞ ከየት እየመጣሁ እንደነበር ነው። ከጉባኤ! አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜ ስዘምር፣ ሳጨበጭብ ጠብ ያላለ እንባዬ የቀበናን ድልድይ ሳንሻገር ዓይኔን ሞላው። ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ የነሳኝ ጥያቄ ይኼ ነበር፦ ለመሆኑ ይህ ዘፈን ምን ብሎኝ ነው? መዝሙሩስ ምን ሳይለኝ ቀርቶ ነው?

«ዘፈን መስማት ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም?» የሚለውን ክርክር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ካፌ ውስጥ ይጀመራል፣ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ይጋጋላል፣ ከዚያ አንዱ ይኮርፍና ይበተናል። እዚያ ክርክር ውስጥ አሁን አልገባም። ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ቀላል ነገር አስተውሉልኝ።

የኛ ቋንቋ ፍቅረኛን ሲያናግር «እወድሃለሁ» ወይም «እወድሻለሁ» ከማለት ውጪ መንገድ የለውም። ወንድ ወይ ሴት ብሎ ይለያል። በሌሎች ብዙ ቋንቋዎች አንድ ቃል ለሁሉም ይበቃል፤ በአማርኛ ግን ዘፋኙ አፉን በከፈተ ቁጥር ጣቱን ወደ አንድ ሰው ይቀስራል። «አንቺ» ሲል ታክሲው ውስጥ ያለች ሴት ሁሉ ተጠርታለች። እናቷ እንኳን ቀኑን ሙሉ «አንቺ» ያላለቻት ልጅ፣ በሥራ ቦታ «እህት» እና «ሲስተር» ብቻ ስትባል የዋለች ልጅ፣ ማታ ታክሲ ውስጥ በስስት «አንቺ» የሚል ድምፅ ትሰማለች። እንዴት ዘወር አትልም?

ሌላም አለ። እኛ ጳጳሱን «ብፁዕነትዎ»፣ የሰፈሩን ሽማግሌ «እርስዎ»፣ የጓደኛችንን አባት «ጋሼ» እንላለን። እግዚአብሔርን ግን «አንተ» ነው የምንለው። እመቤታችንን የሚያመሰግኑም «አንቺ» ነው የሚሉት። ታዲያ ሴት ዘማሪ «ያላንተ ማን አለኝ» ብትል፣ ሴት ዘፋኝም ይህንኑ ብትል፣ ስም እስኪጠራ ድረስ በምን ይለያል? አንድ ቀልደኛ ጓደኛ አለኝ፤ ከካፌ ስፒከር አዲስ ነገር በሰማ ቁጥር ጣቱን አንስቶ «ቆይ፣ ቆይ፣ አዝማቹ ይምጣ፤ እዚያ ላይ ‹ጌታ› ካላለ ሒሳብ ክፈሉና እንውጣ» ይላል። እንስቃለን። ነገሩ ግን የኛ አገር ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ሬይ ቻርልስ እ.ኤ.አ. በ1954 ስለ ኢየሱስ የሚዘመረውን ዜማ ወስዶ በኢየሱስ ቦታ ሴት አስገባበትና ዓለምን ያስጨፈረ ዘፈን ወጣው። ቤተ ክርስቲያን ያደጉ ብዙ ሰዎች ተቆጡ። ቁጣቸው ይገባኛል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው፤ ቃሉ ሲቀየር ዜማው ምንም አለመቃወሙ!

አሁን ወደ ባለታሪካችን ልውሰዳችሁ።

ዕድሜዋ 26 ነው። ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። በአጥቢያዋ ሰንበት ትምህርት ቤት መዘምርት ናት፤ እሑድ እሑድ ነጭ ለብሳ ከበሮው አጠገብ የምትቆመዋ። ከአንድ ልጅ ጋር ሦስት ዓመት በፍቅር ቆይተው ልጁ ለሥራ ወደ ዱባይ ሄደ። መጀመሪያ በየቀኑ፣ ቀጥሎ በየሳምንቱ፣ ከዚያ በበዓል በበዓል ይደውል ጀመር። የቀረውን መገመት አያቅታችሁም።

በዚህ መሀል ልጅቷ አንድ ዘፈን አገኘች። የማን እንደሆነ ይቅርብን፤ ዘፋኙ ምንም አላጠፋም። በሰው አገር ሆኖ ፍቅረኛውን የሚናፍቅ ሰው ነው በዘፈኑ ውስጥ ያለው። እንቅልፍ የለውም፤ እህል አይቀምስም፤ እሷን እንጂ ሌላ አያይም።

«ማታ ማታ ኢርፎን አድርጌ ብርድ ልብስ እከናነባለሁ» አለችኝ። «አንዴ እሰማዋለሁ፣ ሁለቴ እሰማዋለሁ፣ አንዳንዴ ሃያ ጊዜ ይሆናል። እሱ የሚያናግረኝ ነበር የሚመስለኝ። ለምን እንደማይደውል ራሱ ዘፈኑ ያስረዳኝ ነበር።»

ይህ ስምንት ወር ቆየ። አንድ ቅዳሜ ታዲያ ልጁ ራሱ ደወለ። በአካል ያለው ልጅ! ምን ቢላት ጥሩ ነው? ደህና ነሽ ወይ አላት፤ እናቱ ጋ በሰው የላከው ሻንጣ ደርሶ እንደሆነ ጠየቃት፤ ኔትወርክ አስቸገረኝ አለ፤ ሙቀቱን አማረረ። ልክ እንደ ማንኛውም ደክሞት እንደሚደውል ሰው።

«ድምፁ አስጠላኝ» አለችኝ፤ ይህን ስትናገር ፊቷን በእጇ ሸፍና ነው። «አንቺ የምትለዋ እኔን አይመስለኝም ነበር። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ምን መሰለህ? ቶሎ ዘግቼ ዘፈኑን ልሰማ ቸኩዬ ነበር።»

እንግዲህ አስቡት። ስምንት ወር ሙሉ ሌላ ሰው ስትወድ ኖራለች ማለት ነው። ዱባይ ያለውን አይደለም፤ ዘፋኙንም አይደለም። አራት ደቂቃ የሚኖርና እንደገና ሲነኩት የሚነሳ ሰው ነው የወደደችው። በአካል ያለው ልጅ ሊያሸንፈው የማይችል ተፎካካሪ! እሱ አይደክመውም፤ ኔትወርክ አይቆራረጥበትም፤ ስለ ሻንጣም አያወራም።

ልጅቷ ይህን ለንስሐ አባቷ ተናገረች። ቁጣ ጠብቃ ነበር። «ስልኬን አምጪው ብለው ይሰብሩታል ብዬ ፈርቼ ነበር» አለችኝ እየሳቀች። አባ ግን ጥያቄ ነው የጠየቋት።

«ምን ይላል ዘፈኑ?»

«አባ፣ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥማ አልዘፍንም።»

«ማን ዝፈኚ አለሽ ልጄ? ንገሪኝ ነው ያልኩሽ። ሰው ለሰው እንደሚያወራ አድርገሽ ንገሪኝ።»

ጀመረች። ሁለት ስንኝ እንደ ተናገረች ቆመች። ያ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስለቅሳት ነገር ያለ ዜማው ሲወጣ ዝርው፣ ተራ ሆነባት። «አላምንም! ይኼ ነው እንዴ ያልኩት?» ብላ ሳቀች። አባም ፈገግ አሉ። ከዚያ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠየቋት፤ «እሺ፣ አሁን ደግሞ ያንቺን ንገሪኝ።»

ዝም አለች። ምንም የምትለው የለም። ስምንት ወር በሰው ቃል ስታለቅስ ስለ ራሷ ሐዘን አንድ የራሷ ዐረፍተ ነገር አልሠራችም ነበር። ያኔ ነው የምር ያለቀሰችው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዘፈን ለአድማጩ የሚናገረው እንደ ሰባኪ ፊት ለፊት ቆሞ አይደለም። ሰባኪ «እንዲህ አድርጉ» ሲለን ልንቃወመው እንችላለን፤ ጠባያችንም እንደዚያ ነው። ዘፈኑ ግን አፋችን ውስጥ ይገባና በእኛ አንደበት «እኔ» ይላል። አብረን ስናንጎራጉር ተናጋሪውም ሰሚውም እኛው ሆነን እናርፈዋለን። ራሱን የሚቃወም ማን አለ? ለዚህ ነው «ግጥሙን እኮ አላዳምጠውም፣ ምቱን ነው የምወደው» የሚለው መልስ የማያሳምነኝ። ልጁን «እስቲ ግጥሙን በለው» በሉት፤ ከአንድ እስከ መጨረሻው ይወርደዋል። ሳያዳምጥ የት አገኘው?

ይህን ነገር ከ1,600 ዓመታት በፊት ያስተዋለ ሰው ነበር። የእስክንድርያው አትናቴዎስ ነው፤ ለአገራችን የመጀመሪያውን ጳጳስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ቀብቶ የላከልን። መርኬሊኖስ ለሚባል ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ስለ ዳዊት መዝሙር የሚለው እጅግ ይደንቃል። ሐሳቡ በአጭሩ ይህን ይመስላል፤ ሌላውን መጽሐፍ ስታነብ የሙሴን ወይም የኢሳይያስን ቃል እንደ ሰው ቃል ትሰማለህ፤ መዝሙረ ዳዊትን ስትደግም ግን ቃሉ የራስህ ይሆናል፤ ራስህን በመስታወት እንደምታይ ትሆናለህ። ልብ በሉ! አትናቴዎስ ስለ መዝሙር ያስተዋለውና ያች ልጅ ብርድ ልብስ ውስጥ ያገኘችው ነገር አንድ ዓይነት ኃይል ነው። ሁለቱም የ«እኔ» ብድር ይሰጣሉ። ልዩነቱ ያለው ብድሩን ይዘን የት እንደምንሄድ ላይ ነው።

አባ ለልጅቷ የሰጧት ከ150ዎቹ መዝሙራት አንዱን ነበር፤ 12ኛውን (በዕብራይስጡ አቆጣጠር 13ኛውን)። ዳዊት እግዚአብሔርን እንደ ረሳው ወዳጅ «እስከ መቼ» እያለ የሚሟገትበት ነው። በጣም አጭር ነው። ሲጀምር የተጣለ ሰው ነው የሚናገረው፤ ሲያልቅ ግን እዚያው የጀመረበት ቦታ ላይ አይደለም። የሬዲዮው ዘፈን ደግሞ ወደ አዝማቹ መመለስ ግዴታው ነው፤ እንደገና እንዲከፈት ነው የተሠራው። ሐዘን በኛ አገር ሠልስት አለው፣ አርባ አለው፣ ሙት ዓመት አለው። ለቀስተኛውም «በቃሽ፣ ተይ» የሚል ሽማግሌ አያጣም። ተደጋግሞ የሚከፈት ዘፈን ግን ተዝካር የለውም። ሁልጊዜ የመጀመሪያው ቀን ነው።

«ታዲያ ዘፈን የተባለውን ሁሉ እንተው?» ትሉኝ ይሆናል። ቃል የገባሁት እዚህ ላይ ነው፤ ያንን የካፌ ክርክር ልነካካው።

በ1954 ዓ.ም የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ ከሥጋ ሥራዎች መካከል «ዘፋኝነት»ን ይቆጥራል። ክርክሩ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው። በግሪኩ ያለው ቃል «ኮሞስ» ይባላል፤ የሰከሩ ሰዎች ማታ ማታ እየዘፈኑ፣ እየጨፈሩ በየመንገዱ የሚዞሩበት ፈንጠዝያ ነው። የዚያው የአማርኛ መጽሐፍ የመጨረሻው መዝሙር ደግሞ እግዚአብሔር ከከበሮ ጋር በምን ይመስገን ይላል መሰላችሁ? በዘፈን! ያው ቃል ነው። የሄሮድያዳ ልጅ በንጉሡ ግብዣ ላይ «ዘፈነች» ሲል ደግሞ ድምፅ አሰማች ማለቱ አይደለም፤ በእግሯ ጨፈረች ነው። በግእዙም «ዘፈነ» ማለት ጨፈረ፣ አሸበሸበ ነውና። በአንጻሩ «አዝማሪ» የሚለው ስም ከየት መጣ ብትሉ «ዘመረ» ከሚለው፣ ማለትም መዝሙር ከተወለደበት ማሕፀን ነው። መሰንቆ ይዞ ጠጅ ቤት የሚያመሸው ሰው የመዘምራኑ የሥጋ ዘመድ ሆነ ማለት ነው። እናም በቃሉ ብቻ ሰውን የሚኮንን ሰው ሲገጥማችሁ አትደንግጡ። «ዘፋኝነት የሚለው እኔን አይመለከትም» ብሎ የሚመጻደቀውም ቢሆን ሐሙስ ማታ የት እንዳመሸ ልቡ ያውቃል። ጳውሎስ የነቀፈው ያንን ማምሸት ነውና።

ቃሉ ቀርቶ ኑሯቸውን የቀየሩ ሰዎች ግን አሉ፤ እነሱን አለማክበር አይቻልም። ሙሉቀን መለሠ በለጋ ዕድሜው ጀምሮ በ1960ዎቹ ዓ.ም ወጣቱን ያሳበደ ድምፅ ነበረው። በኋላ ወንጌላዊ ክርስቲያን ሆነ፤ ዘፈንን ተወ፤ አሜሪካ ሆኖ መዝሙር ዘመረ፤ በ2016 ዓ.ም እዚያው አረፈ። የፖሊስ ኦርኬስትራዋ ሂሩት በቀለም እንዲሁ ዘፈኑን ትታ ዘማሪ ሆና ነው በ2015 ዓ.ም ያረፈችው። ሁለቱ ሲያርፉ ሬዲዮው፣ ስልኩ፣ ታክሲው ምን ሲያሰማ ዋለ? አብዛኛው እነሱ ራሳቸው የተዉትን ዘፈን! ይኼ ጉዳይ ብዙ አሳስቦኛል። ዘፋኙ «እኔ» ያለውን ቃሉን ሊመልሰው ይችላል። በኛ አፍ የገባውን «እኔ» ግን ሊመልስ አይችልም፤ እሱ አሁን የኛ ሆኗል።

በዕድሜያችሁ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ተመራማሪዎች እንዳስተዋሉት ሰው ሲሸመግል ከሁሉ ጎልቶ የሚታወሰው በጉርምስናውና በሃያዎቹ መጀመሪያ የሰማው ሙዚቃ ነው። የልጆቻቸውን ስም የረሱ አዛውንት በወጣትነታቸው የሚያውቁት ዘፈን ሲከፈት አብረው ሲያዜሙ ይታያል። ያን ምሽት ታክሲ ውስጥ ዓይናቸውን የጨፈኑት አባት ከ50 ዓመት በፊት የተበደሩትን ቃል ነበር የሚመልሱት። እናንተ ዛሬ ኢርፎናችሁ ውስጥ የምትጨምሩት ነገር እንደዚያው ሽበታችሁን ሳይቀር የሚጠብቅ ነው።

መዝሙር ቤት ገብተናል ብለን ደግሞ የተረፍን አይምሰለን። ቅዱስ ያሬድ በንጉሡ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ ከመመሰጡ የተነሳ ጦሩን የያሬድ እግር ላይ ተክሎ፣ ሁለቱም ዜማው እስኪያልቅ አልታወቃቸውም ይባላል። ይህን ታሪክ ስለ ያሬድ ጣዕመ ዜማ ስንሰማው አድገናል። እኔ አንዳንዴ በንጉሡ በኩል ሆኜ አስበዋለሁ። በዜማ የተወሰደ ሰው የቆመበትን ይረሳል፤ ጦሩ የሰው እግር ላይ መሆኑንም ጭምር! የሂፖው አውግስጢኖስም በ«ኑዛዜ» መጽሐፉ በዐሥረኛው ክፍል ላይ ይህንኑ ሲጨነቅበት እናገኘዋለን። ሚላኖ በነበረበት ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑ ዝማሬ አስለቅሶታል፤ ለነፍሱም በጅቶታል። ግን ከሚዘመረው ቃል ይልቅ ድምፁ ብቻ ልቤን ሲነካው እንደ በደልሁ እቆጥረዋለሁ፣ ያኔ ዘማሪውን ባልሰማው እመርጣለሁ ይላል። እንግዲህ ጭንቀቱ ስለ ጠጅ ቤት ዘፈን አይደለም፤ ስለ መዝሙር ነው።

አሁን ያንን የታክሲ እንባዬን ልመልስላችሁ። ለምን መዝሙሩ ሳያስለቅሰኝ ትዝታው አስለቀሰኝ? ብዙ አሰብኩና የደረስኩበት ይኼ ነው፤ ያን ዕለት ጉባኤው ላይ የዘመርናቸው ሁሉ ያሸነፉ ሰዎች መዝሙሮች ነበሩ። ጠላት ወድቋል፤ ባሕሩ ተከፍሏል፤ ደስ ብሎናል። መልካም! እኔ ግን ያን ሰሞን የቅርብ ሰው ቀብሬ ነበር። ባሕሩ አልተከፈለልኝም። በዚያ ሁሉ ዝማሬ መካከል ለኔ «እኔ» የሚል ቦታ አጣሁ። ትዝታው ግን የጎደለ ነገር እንዳለ ያውቃል፤ ከመጀመሪያው የክራር ምት ጀምሮ ያውቃል። ጠጋ በል አለኝ፤ ተጠጋሁ።

ስለዚህ ወጣቱ ማታ ማታ ወደ ኢርፎኑ ሲሸሽ በወጣቱ ብቻ መፍረድ ደስ አይለኝም። ዳዊት ውስጥ በብዙ ቦታ ላይ ሰው ያለቅሳል፣ ይከስሳል፣ «ለምን?» ይላል። የዛሬዎቹ የመዝሙር አልበሞቻችን ውስጥ ይህ «ለምን» የት አለ? አንዳንዶቹማ የፍቅር ዘፈንን አዝማች ቅላጼው ሳይቀር ወስደው ስሙን ብቻ ቀይረዋል፤ ሬይ ቻርልስን ገልብጠውታል። የሚያለቅስን ልጅ ለማቀፍ ግን አልቻሉም። በገና ደርዳሪዎቻችን ይህን ይችሉበት ነበር። ዐቢይ ጾም ላይ በገና ሲሰማ ወጣቱ ዝም የሚለው ለምን ይመስላችኋል?

ይህ ዓምድ የምክር ዓምድ ነውና ባዶ እጃችሁን አልሰዳችሁም። ከአባ የተማርኩትን ሞክሬዋለሁ፤ እናንተም ሞክሩት። ሰሞኑን ከአፋችሁ አልወጣ ያለ አንድ ዘፈን ውሰዱ። ግጥሙን በእጃችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። በሩን ዝጉና ያለ ዜማው፣ ሰው ለሰው እንደሚያወራ አድርጋችሁ አንብቡት። ይህን የሚላችሁ ጎረቤታችሁ ወይም የመሥሪያ ቤት ባልደረባችሁ ቢሆንስ? አንዳንዱን በዜማ ሲለን ዓይናችንን እንጨፍናለን፤ ጎረቤት ቢለን ግን ፖሊስ እንጠራለን። «ያላንቺ እሞታለሁ፣ ከሌላ ካየሁሽ ደግሞ እንጃ» የሚለውን ዓይነት ማለቴ ነው። ይኼ ለፈጣሪ ብቻ የሚገባን ነገር ከአንዲት ሚስኪን ልጅ ላይ መጠየቅ ነው፤ እሷም ሰው ናት፣ ልትሸከመው አትችልም።

ተነቦ የሚቆም ዘፈንም አለ፤ ይህንን መካድ ግፍ ነው። ስለ እናት፣ ስለ ስደት፣ ስለ አገር፣ ጎጆ ስለሚያቆሙ ሁለት ሰዎች እውነት የሚናገር። ያለ ዜማውም እውነት የሆነው በዜማው እውነት መሆኑን አያቆምም። ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም ልክ በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ አገር ነው ያለቀሰው፤ አስከሬኑም ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው ያረፈው። ያ ሁሉ ሕዝብ የወጣው ስለ ጭፈራው ብቻ አይመስለኝም። ብዙ ሰው በሕይወቱ ሊናገረው ያልቻለውን በእሱ አፍ ተናግሮ ስለነበር ነው።

ወረቀቱን አንብባችሁ ስትጨርሱ ገልብጡት። በስተጀርባው የራሳችሁን ጻፉ። ሦስት መስመር ይበቃል፤ ማማር የለበትም። ከዚያ ለእግዚአብሔር አንብቡለት። የተቆጣችሁ ከሆነ ተቆጥታችሁ አንብቡ፤ ዳዊትም እንደዚያ አድርጎ አልተባረረም።

ባለታሪካችን ዘፈኑን ከስልኳ አላጠፋችውም። «ለምን አጠፋዋለሁ? ሱቅ ስገባ እሰማዋለሁ፣ ታክሲ ውስጥ እሰማዋለሁ። አሁን ‹አንቺ› ሲል ግን ‹ማንን ነው?› እላለሁ» ትላለች። ልጁ ለፋሲካ እንደ ልማዱ ደውሎ ነበር። ደህና ነሽ አለ፤ ኔትወርክ አማረረ። በዚህ ጊዜ ቶሎ አልዘጋችበትም። ወረቀቷ ላይ የጻፈችውን ነገረችው። አራት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ አንዱም ቤት አይመታም። ልጁ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እውነትሽን ነው» አላት።